ከሰማይ የመጣ ወሬ እንዴት ይጣራል?



ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ወር ዓምዳችን መነሻ ከሞጣ ከተማ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። አንድ ምሽት ከዒሻ ሶላት በኋላ በእጅ ስልካቸው መልእክት ይደርሳቸዋል። «ዛሬ ሌሊት ከ6፡30 እስከ 9፡30 ድረስ ከጠፈር የሚመጣ ከባድ ጨረር በመሬት አጠገብ ያልፋል፤ ስልካችሁን አጥፉ፤ ከአካላችሁ አርቁ፤ ለምትወዷቸው ሁሉ አስተላልፉ» የሚል ነው። መልእክቱ ናሳንና ቢቢሲን በምስክርነት ይጠራል። እኅታችን በቤት ያለውን ስልክ ሁሉ አጥፍተው በረንዳ ላይ አኖሩት፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት፤ ልጆቹም በፍርሃት እንቅልፍ ሳይወስዳቸው ነጋ። በዚያው ሌሊት ቢቸና የሚኖሩት አማታቸው በድንገት ታመው ኖሮ፣ ዘመድ ሲደውል ቢያድር የሚያነሳ አላገኘም። ወሬው የደረሳቸው ጧት በሰው ነው። በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና እስኪገቡ ድረስ የነበረውን ጭንቀት በወረቀት ላይ ለማስፈር እንደሚቸግራቸው ይናገራሉ። አማታቸው አልሐምዱሊላህ አገግመዋል።

እኅታችን የሚጠይቁት ይህን ነው፦ «መልእክቱ ውሸት ነበር ወይ? ውሸት ከሆነስ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የሚባል ነገር ጭራሹን የለም ማለት ነው?» ከደብዳቤው ጀርባ ደግሞ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የበኩር ልጃቸው በራሱ እጅ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ አክሏል፦ «ጨረሩ በዓይን የማይታይ ከሆነ፣ ሲመጣ ያየው ማን ነው?» ሁለቱም ጥያቄዎች መልካም ናቸው። የልጁን ግን ይበልጥ ወደነዋል፤ ለብዙ ዓመታት ታላላቅ ሊቃውንትን ያስጨነቀ ጥያቄ ነውና።

መጀመሪያ ለእናትየው እንመልስ። አዎን፣ መልእክቱ ውሸት ነው። ይህ ጽሑፍ ቃሉ ትንሽ ትንሽ እየተለዋወጠ ከ10 ዓመት በላይ በብዙ አገሮች ሲዞር የኖረ ነው። ሁልጊዜ «ዛሬ ሌሊት» ይላል፤ ቀን፣ ወርና ዓመት ግን የለውም። ስለዚህ አያረጅም፤ ባነበቡት ሌሊት ሁሉ አዲስ ይሆናል። ያም ሆኖ ውሸትነቱን ለማወቅ ይህን ታሪኩን ማወቅ እንኳ አያስፈልግም። ሰዓቱን አስቀድሞ መናገሩ ብቻ ያጋልጠዋል። እንዴት ቢሉ፣ ከሩቅ ጠፈር የሚመጣው ኃይለኛው የጋማ ጨረር የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ነው፤ በአንድ ሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል። ከብርሃን የሚፈጥን መልእክተኛ ደግሞ የለም። እንግዲህ «ጨረሩ መንገድ ላይ ነው፣ ተጠንቀቁ» የሚለውን ዜና ማን ተሸክሞ ቀድሞት ይደርሳል? የጋማ ብልጭታ መምጣቱ የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህ ረገድ በእውነት የተመዘገበው መቅደም የሴኮንዶች ነገር ነው፦ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2017 ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ የተነሣው የስበት ሞገድ መሬት ከደረሰ ከ1.7 ሴኮንድ በኋላ የጋማው ብልጭታ ተከተለ። ይህም ስልክ አውጥቶ በረንዳ ላይ ለማኖር የሚበቃ ጊዜ አይደለም!

ከፀሐይ የሚነሣው ማዕበል ግን ሌላ ነገር ነው። ከፀሐይ የሚወረወሩት ቅንጣቶች ከብርሃን ያዘግማሉና ከብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በፊት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የሚያሰጉትም ሳተላይትን፣ የረጅም ርቀት ሬዲዮንና ትልልቅ የኤሌክትሪክ መስመሮችን እንጂ በኪስ ያለ ስልክን ወይም የተኛ ሕፃንን አይደለም።

እኅታችን ሌላም ፍርሃት ጠቅሰዋል። ሐኪም ቤት ራጅ ለመነሣት የሄደች ነፍሰ ጡር «አትግቢ» እንደምትባል፣ ራጅ የሚያነሳውም ባለሙያ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚቆም አይተዋል። ከሰማይ የሚመጣው ከዚያ የባሰ ከሆነ ልጆቼን ማን ይጋርዳቸዋል ይላሉ። የሚጋርዳቸው ይኸው የምንተነፍሰው አየር ነው። አየር ቀላል መስሎ ቢታየንም ተከማችቶ ሲመዘን ከባድ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ከራሳችን በላይ ያለው አየር 10 ሜትር ጥልቀት ካለው ውኃ ጋር በክብደት ይተካከላል። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያሉ ስለሆኑ የእነርሱ ድርሻ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሆኖም 7 ሜትር ተኩል ያህል ውኃ ነው። ጮቄ ተራራ ጫፍ ላይ ቢወጣ እንኳ ከ6 ሜትር አያንስም። ከሩቅ ጠፈር የሚመጣ ራጅም ሆነ የጋማ ብልጭታ ይህን ሁሉ ሰንጥቆ መሬት አይደርስም፤ ከብዙ አሥር ኪሎ ሜትር በላይ ተውጦ ይቀራል። ስለዚህ ለወደፊቱ ይህ መልእክት ቢመጣ ስልክዎን አያጥፉ። ሌሊት ሊደውል የሚችል ዘመድ ላለው ሰው ስልክ ማጥፋት ራሱ አደጋ መሆኑን ከማንም በላይ እርስዎ ያውቁታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር። ጨረሩስ አለ ወይ? አለ። እንዲያውም እርስዎ ራስዎ ሳያውቁት በራስዎ ላይ ያለፈ አለ! መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 2022፣ ዕለቱ እሑድ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ፣ የሰው ልጅ ይህን መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ እጅግ ደማቁ የጋማ ብልጭታ መሬት ደረሰ። ብልጭታው የመጣበት የሰማይ ቦታ በዚያ ሰዓት ከሞጣና ከቢቸና ሲታይ ከአድማስ በላይ ነበር፤ ወደ ምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ እስከ አናት ካለው ከፍታ ከግማሽ በላይ ላይ። ገበሬው በማሳው፣ ልጆች በሜዳው፣ ነጋዴው በሱቁ እንደነበሩ ነበሩ። ማንም አላየውም፤ ማንም አልተጎዳም። የተናወጠው ከበላያችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተናግደው አየኖስፌር የተባለው የአየር ንጣፍ ነው። መናወጡንም በምድር ያሉ የሬዲዮ ተቀባዮችና በጠፈር ያሉ ሳተላይቶች መዘገቡት። ብልጭታው ከመነሻው እኛ ዘንድ ለመድረስ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ደማቅ ብልጭታ መሬት የሚደርሰው በ10 ሺህ ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ነው ብለው ገምተዋል።

«ታዲያ ያየው ማን ነው?» ወደሚለው የልጃችን ጥያቄ የምንደርሰው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ኃያላኑ መንግሥታት በአየር፣ በውኃ ውስጥና በጠፈር የኒውክሌር ቦምብ ላለመሞከር ተዋዋሉ። አሜሪካ ውሉ መከበሩን ለመጠበቅ ቬላ የተባሉ ሳተላይቶችን አመጠቀች፤ ቦምብ ሲፈነዳ የጋማ ጨረር ይለቃልና። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1967 ቬላዎቹ አንድ ብልጭታ መዘገቡ። የቦምብ አልነበረም። ሬይ ክሌበሳደልና ባልደረቦቹ የተከማቸውን መዝገብ ሲያገላብጡ ሌሎችም ተገኙ። ብልጭታው ለአንዱ ሳተላይት ቀድሞ ለሌላው ዘግይቶ መድረሱን በማስላት ከመሬትም ከፀሐይም እንዳልመጣ አረጋገጡ፤ በ1973ም 16 ብልጭታዎችን ለዓለም አሳወቁ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ቆመ። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ቦታ አልታወቀም። ወጣቶቻችን የረመዷንን ጨረቃ ለማየት ሲወጡ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። አንዱ «አየኋት!» ሲል ሌሎቹ ወዲያው «የት ጋ?» ይሉታል። ጣቱን ወደ ቦታው ካልቀሰረና ሌላው በዚያ አቅጣጫ ተመልክቶ ካላገኛት የእርሱ ማየት ለጀማዓው አይጠቅምም። የጋማ ጨረር መሣሪያዎችም እንደዚያ ሰው ሆኑ፤ «አየሁ» ይላሉ፣ የት ጋ እንደሆነ ግን በትክክል አያመለክቱም። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጠቀው ኮምፕተን የተባለው የጠፈር ጣቢያ በ9 ዓመት ውስጥ 2,704 ብልጭታ ቆጠረ። ነገር ግን የሚሰጠው አቅጣጫ ጨረቃን ብዙ ጊዜ እጥፍ የሚያህል የሰማይ ክፍል ስለነበረ በዚያ ውስጥ ካሉት እልፍ አእላፍ ከዋክብት የትኛው እንደሆነ ለመለየት አልተቻለም። ቦታ ስላልታወቀም ርቀት አልታወቀም፤ ርቀት ካልታወቀ ደግሞ ነገሩ ምን እንደሆነ መናገር አይቻልም። ለማብራራት ከ100 የሚበልጡ መላ ምቶች ቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1995 ዋሽንግተን ላይ ቦህዳን ፓቺንስኪና ዶናልድ ላም የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአደባባይ ተከራከሩ፤ አንዱ ከአጽናፈ ዓለም ዳርቻ ይመጣል ሲል ሌላው ከራሳችን ጋላክሲ አካባቢ ነው አለ። ማንም ማንንም አልረታም።

የቦታን ዋጋ የቀድሞ ሰዎች በሚገባ ያውቁት ነበር። በ396 ዓመተ ሂጅራ አንድ እንግዳ ኮከብ በደቡብ ሰማይ ድንገት ሲያበራ፣ በኋላ በካይሮ ታላቅ ሐኪም የሆነው ዐሊ ኢብን ሪድዋን ገና ወጣት ነበር። ኮከቡ ከዙህራ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ ከመግለጽ ጋር የት እንደነበረ፣ በዚያ ቀንም ፀሐይ፣ ጨረቃና ሌሎቹ ፈለኮች የት የት እንደነበሩ ጽፎ አቆየ። ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የሥነ ፈለክ ሰዎች እርሱና ሌሎች ባስቀሩት ምልክት ሄደው የዚያን ኮከብ ፍርስራሽ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለዩት። «ትልቅ ብርሃን አየሁ፣ አስተላልፉ» ብሎ ብቻ ቢተወው ኖሮ ማን ይጠቀምበት ነበር?

የጋማ ብልጭታን ቦታ የነገረን ራጅ ነው። ጋማም፣ ራጅም፣ የምናየው ብርሃንም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ልዩነታቸው የጉልበት ነው። ጋማ ብርቱ ነው፤ ይመጣል፣ በሴኮንዶች ወይም በደቂቃዎች ይጠፋል፣ በመስተዋትም አይሰበሰብም። ብዙውን ጊዜ ግን ከእርሱ ጋር ራጅም አብሮ ይመጣል፤ ጋማው ከጠፋ በኋላም ራጁ እንደ ምድጃ ፍም እየደበዘዘ ለሰዓታትና ለቀናት ይቆያል። ፍሙን ፈጥኖ ያገኘ እሳቱ የት እንደነደደ ያውቃል።

ይህን ያደረገችው የጣሊያንና የኔዘርላንድ ሳተላይት ቤፖሳክስ ናት። የመጠቀችው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1996 ሲሆን ምሕዋርዋ ከምድር ወገብ ብዙም የማይርቅ፣ ከፍታዋም 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። እንዲህ ባለ መንገድ ስትዞር ከቢቸና ደቡብ በኩል ባለው ሰማያችን በየቀኑ ታልፍ ነበር ማለት ነው። መረጃዋንም የምታወርደው ሩቅ አገር አልነበረም፤ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ማሊንዲ ላይ ባለው የጣሊያኖች ጣቢያ ነበር። የካቲት 21 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ጁምዓ ዕለት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ላይ፣ በእኛ አገር ጎህ ሲቀድ፣ የጋማ መሣሪያዋ ብልጭታ ቆጠረ። በዚያው ቅጽበት ሰፊውን ሰማይ የሚጠብቀው የራጅ ካሜራዋ ቦታውን ያዘው። ስሕተቱ የጨረቃን ስፋት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነበር። ሮም ያሉት ባለሙያዎች ሳተላይቷን አዙረው ከ8 ሰዓት ያህል በኋላ የተሻሉትን የራጅ መነጽሮቿን ወደዚያ ቀሰሩ፤ ፍሙ እዚያው ነበረ። ከሦስት ቀን በኋላ ሲመለሱ ወደ አንድ ሃያኛ ወርዶ አገኙት። በካናሪ ደሴቶች ያለ ትልቅ ቴሌስኮፕም በዚያው ቦታ የሚደበዝዝ ብርሃን አነሳ። ሁለተኛ ምስክር ተገኘ ማለት ነው። በግንቦት ወር በተከተለው ሌላ ብልጭታ ርቀቱ ሲለካ ብርሃኑ ከ6 ቢሊዮን ዓመት በላይ የተጓዘ ሆኖ ተገኘ። የዋሽንግተኑም ክርክር በዚህ ተዘጋ፤ ፓቺንስኪ ልክ ነበረ።

እዚህ ላይ የ10ኛ ክፍሉ ልጃችን «በመስተዋት የማይሰበሰብ ከሆነ ካሜራው እንዴት ቦታውን ያውቃል?» ማለቱ አይቀርም። ቆርቆሮ ጣሪያው በሚስማር በተበሳሳ ቤት ውስጥ ቀን የተቀመጠ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በየቀዳዳው የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ይጥላል። ፀሐይ ስታዘነብል ነጠብጣቡ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። የቀዳዳዎቹን አቀማመጥ የሚያውቅ ልጅ ከቤት ሳይወጣ ወለሉን ብቻ አይቶ ፀሐይ የት እንዳለች ይናገራል። የቤፖሳክስ ሰፊ ካሜራ የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው፤ ቀዳዳ ያለው ጣሪያ፣ ከሥሩ ደግሞ ራጅን የሚቆጥር ወለል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 2004 የመጠቀችው ስዊፍት የተባለች ሳተላይት ይህን በእጅጉ አሻሻለችው። ጣሪያዋ 50 ሺህ በሚያህሉ ጥቃቅን የእርሳስ ቁራጮች የተሰደረ ሲሆን ወለሏ 32,768 ቆጣሪዎች አሉት። ጥላው የወደቀበትን አስልታ፣ ሰው ሳያዛት ራሷን አዙራ የራጅ ቴሌስኮፕዋን ለመቀሰር የሚፈጅባት ብዙ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ በታች ነው። ከ8 ሰዓት ወደ ሁለት ደቂቃ! ምሕዋርዋም ከምድር ወገብ እስከ 20 ዲግሪ ሰሜንና ደቡብ የሚደርስ በመሆኑ የምሥራቅ ጎጃም ሰማይ በመንገዷ ላይ ነው። ዋና የምድር ጣቢያዋም ያው ማሊንዲ ሆነ።

ማሊንዲን ደጋግመን ያነሣነው አለምክንያት አይደለም። ከዚያው ባሕር ዳርቻ ከቆመው ሳን ማርኮ ከሚባል መድረክ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነፃነት በዓል ዕለት፣ ለራጅ ሥነ ፈለክ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት መጥቃለች፤ ስሟም በስዋሂሊ ነፃነት፣ «ኡሁሩ» ተባለ። በ1974ም ሰማዩን በሙሉ የሚቃኝ የራጅ መቆጣጠሪያ የተሸከመችው የእንግሊዞች ኤሪየል 5 ከዚያው ተነሣች። ብዙ ወጣት አንባቢዎቻችን ይህ ሳይንስ በሰሜን አሜሪካ ብቻ የተወለደ ይመስላቸዋል። ከጓዳችን አጠገብ ያለፈ መሆኑን ቢያውቁ መልካም ነው።

ወደ መስከረም 29ኙ ብልጭታ እንመለስ፤ ዜና ሲጣራ ምን እንደሚመስል የሚያሳየን እርሱ ነውና። ከቀኑ 10፡17 ላይ ብልጭታው ሲደርስ ፌርሚ የተባለው ሳተላይት ቆጠረው። ስዊፍት ግን አላየችም፤ በዚያ ቅጽበት መሬት ጋርዷት ነበር። ከ53 ደቂቃ በኋላ ቦታው ሲገለጥላት ብርቱ ራጅ አገኘች። ባለሙያዎቹ ራጁ በጣም ደማቅ ከመሆኑም ሌላ በራሳችን ጋላክሲ አቅጣጫ ስለነበረ «ከዚሁ ከሰፈራችን ያለ አዲስ ነገር ሳይሆን አይቀርም» ብለው ለዓለም ጻፉ፤ ስምም አወጡለት። ሌሎች የፌርሚን መዝገብ ከዚህ ጋር አስተያዩና ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በዚያው ዕለት አሳወቁ። ከዚያም ቺሊ ያለው ትልቁ የአውሮፓውያን ቴሌስኮፕ ርቀቱን ሲለካ ከእኛ ጋላክሲ እጅግ ሩቅ መሆኑ ታወቀ። የመጀመሪያው ግምት ተነሣ፤ ስሙም ተለወጠ። በራሳችን ጋላክሲ አቅጣጫ መምጣቱም የራሱን ውበት ሰጠ፦ በመንገድ ያገኘው የጋላክሲያችን አቧራ ራጁን በተነውና በተከታዮቹ ቀናት በስዊፍት ምስል ላይ እየሰፉ የሚሄዱ ክብ ቀለበቶች ታዩ፤ ድንጋይ የተጣለበትን ኩሬ ይመስላሉ።

ይህ ሁሉ የሚጻፈው በአንድ የጋራ የማስታወቂያ መረብ ነው፤ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም። እያንዳንዱ ማስታወቂያ ያየው መሣሪያ ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ከስንት ሴኮንድ እንዳየ፣ ሰማዩ ላይ የት እንደሆነ፣ ስሕተቱም ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። የጻፉት ሰዎች ስምም ከላይ ይሰፍራል። «ቀደም ሲል ያሳወቅነው የጋማ ብልጭታ አይደለም፤ ሰርዘነዋል» የሚሉ ማስታወቂያዎችም እዚያው ይወጣሉ፤ ይህን በመጻፉ የሚያፍር የለም። ወሬ ሲደርሰን ሳናጣራ እንዳናስተላልፍ በሃይማኖታችንም የታዘዝነው ነገር ስለሆነ የዚህን መረብ ልማድ ስናይ ባዕድ አይሆንብንም። ሞጣ የደረሰው መልእክት ያየው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንዳየ፣ ሰማዩ ላይ የት እንደሆነ አይናገርም። የናሳን ስም ጠርቷል እንጂ ናሳ የጻፈውን አላመለከተም።

ፍለጋው አሁንም እየሰፋ ነው። ቻይናዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ያመጠቋት አንስታይን ፕሮብ ከባሕር እንስሳ ዓይን በተቀዳ ዘዴ፣ በጥቃቅን አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ራጅን እየሰበሰበች ሰፊ ሰማይ ትጠብቃለች። ከተላከች ከሁለት ወር ያህል በኋላ ከ12 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተነሣ ብልጭታ ያዘች። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ደግሞ ቻይናና ፈረንሣይ በጋራ ስቮም የተባለችውን አስከተሉ። በአገራችንም እንጦጦ ላይ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ራጅንና ጋማን ከምድር ማየት ባይቻልም የብልጭታውን የሚታይ ብርሃን መከተል የቴሌስኮፕ ሥራ ነው፤ ለዚህም ሰዓት ወሳኝ ነው። አውሮፓ ደመና ሲሆን፣ አሜሪካ ቀን ሲሆን የእኛ ሰማይ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ይህን ሥራ የሚሠራ ወጣት ፊዚክስና ሒሳብ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ሌሊት ሲቀሰቅሱት የሚነሣ መሆን አለበት። ሁለተኛው ጠባይ ለሱብሒ መነሣት ለለመደ ልጅ አይከብደውም ብለን እናስባለን።

በመጨረሻ ለ10ኛ ክፍሉ ወንድማችን። «ሲመጣ ያየው ማን ነው?» ብለህ ነበር። ከሚጠብቁት አንዱን አንተ ራስህ በባዶ ዓይንህ ልታየው ትችላለህ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መሬትን ይዞራል። በጃፓኖች ክፍል ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተተከለ ማክሲ የሚባል የራጅ መቆጣጠሪያ አለ። ቀጭን ሽንቁርና ጋዝ የሞላባቸው 12 ቆጣሪዎች አሉት። ጣቢያው መሬትን አንድ ጊዜ ሲዞር፣ በ92 ደቂቃ፣ ሰማዩን ሁሉ ለማለት ይቻላል ጠርጎ ያያል። የመስከረም 29ኙን ብልጭታ ፍምም ከመዘገቡት አንዱ ነው። ጣቢያው በሞጣ ላይ የሚያልፍበትን ቀንና ሰዓት ናሳ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ይህኛው ምሕዋሩ የታወቀ ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ከመግሪብ በኋላ ወይም ጎህ ሳይቀድ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ሲሆን ወደ ውጭ ውጣ። አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ በኩል ይነሣል። እንደ አውሮፕላን ብልጭ ድርግም አይልም፤ ድምፅም የለውም፤ ከከዋክብቱ ሁሉ ደምቆ በዝግታ ተጉዞ በአምስት በስድስት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። አንዳንዴ ከአድማስ ሳይደርስ መካከል ላይ ይጠፋብሃል፤ የመሬት ጥላ ውስጥ ገብቶ ነው። ታናናሾችህንም ቀስቅሳቸው።